የሽፎን የሐበሻ ቀሚስ፦ ፍርዱ ያለው ገበሩ ላይ ነው

በዚህ ግምገማ የምመለከተው በየበዓሉ፣ በየሠርጉና በየመልሱ እየተዘወተረ የመጣውን የሽፎን የሐበሻ ቀሚስ ነው። ጨርቁ ከውጭ በጣቃ የሚገባ፣ ጥበቡ በማተሚያ የተቀባ ወይም በጥልፍ ማሽን የተሠራ፣ ከውስጡም የሚያብለጨልጭ የሳቲን ገበር የተሰፋለት ቀሚስ ማለት ነው። ይህ ልብስ የሐበሻ ቀሚስ ሊባል ይገባዋል ወይ፣ የሸማኔውንስ ገበያ አልቀማም ወይ የሚለው ክርክር የራሱ ቦታ አለውና እዚህ አልገባበትም። የምጠይቀው ከዚያ ጠበብ ያለ፣ ነገር ግን ገንዘቧን ለምታወጣ ሴት ሁሉ የሚጠቅም ጥያቄ ነው፤ ይህ ቀሚስ ከጠዋት እስከ ማታ ገላ ላይ ሲውል ቆዳን ምን ያደርገዋል? መልሴን አስቀድሜ ልናገር፤ የላይኛው ሽፎን በአብዛኛው ጥፋት የለበትም፤ ጥፋቱ ያለው ማንም ልብ ሳይለው በሚገዛው ገበርና ደመቅ ጠቆር ባሉት ቀለማት ላይ ነው።

የመረመርኩት ቀሚስ በጥቁር ሰማያዊ መደብ ላይ ወርቃማ ጥበብ የታተመበት፣ ክንዱ ሰፊ፣ ወገቡ በመቀነት የሚያዝ፣ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚወርድ ነው። ለዓይን ያማረ መሆኑን ሳልሸሽግ እናገራለሁ። አይጨማደድም፤ ከሻንጣ ወጥቶ ያለ ካውያ ይለበሳል፤ ክብደቱም ከፈትል ቀሚስ ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው። ዋጋው ተመሳሳይ ጥበብ ላለው የእጅ ሽመና ቀሚስ ከተጠየቅኩት ከግማሽ በታች ነበር። ሻጯ «ቅልቅል ነው፣ ጥጥ አለበት» ብትለኝም በአንገቱም ሆነ በጎኑ ስፌት ላይ የጨርቁን ዓይነት የሚገልጽ ምልክት አልነበረም። ስለዚህ ከውስጥ ስፌቱ ትርፍ ላይ ጥቂት ክር መዝዤ፣ ውኃ አጠገቤ አድርጌ፣ በብረት ማንኪያ ላይ አቃጠልኩት። ጥጥ ሲቃጠል የወረቀት ሽታ ይሸታል፤ የሚተወውም በጣት ሲነካ የሚበተን ግራጫ አመድ ነው። ፖሊስተር ግን ከእሳቱ እየሸሸ ይኮማተራል፣ ይቀልጣል፣ ጥቁር ጭስ ያወጣል፣ ሲበርድም በጣት የማይደቅ ጠንካራ ጥቁር ፍሬ ይሆናል። የሽፎኑም የገበሩም ክር ያለ ልዩነት ጥቁር ፍሬ ሆነ። ጥጥ የተባለው ነገር ከሻጯ አፍ በቀር የትም አልተገኘም።

ፖሊስተር ከነዳጅ ዘይት ተዋጽኦዎች የሚሠራ ፕላስቲክ ሲሆን፣ የውኃ መያዣ ጠርሙስ ከሚሠራበት ፔት ከተባለው ፕላስቲክ ጋር በባሕርዩ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ቀልጦ በቀጫጭን ቀዳዳዎች እንዲያልፍ ተደርጎ ወደ ክር መለወጡ ነው። ጆን ሬክስ ዊንፊልድና ጄምስ ዲክሰን የተባሉ ኬሚስቶች በ1941 እ.ኤ.አ. በብሪታንያ ግኝታቸውን ካስመዘገቡ ወዲህ ጨርቁ ዓለምን ያዳረሰው በጥንካሬው፣ ባለመጨማደዱና በርካሽነቱ ነው። ቆዳን በሚመለከት ግን ዋናው ነገር ክሩ ውኃን የሚቀበልበት መጠን ነው። የጨርቅ ባለሙያዎች ክርን 65 በመቶ እርጥበት ባለው አየር ውስጥ አስቀምጠው ከደረቅ ክብደቱ አንጻር ምን ያህል ውኃ እንደሚስብ ይለካሉ። ጥጥ 8 በመቶ ገደማ ይስባል፤ ሱፍ ወደ 16 በመቶ ይጠጋል፤ ናይለን 4 በመቶ አካባቢ ነው፤ ፖሊስተር ግን 0.4 በመቶ ብቻ ይስባል። ሰውነታችን ላብ ሳይታይበት እንኳ ዘወትር እርጥበትን በተን መልክ ያወጣል። ጥጥ ይህን ተን ወደ ክሩ ውስጥ ተቀብሎ ቀስ በቀስ ወደ ውጭ ያስተላልፈዋል። የፖሊስተር ክር ስለማይቀበለው ተኑ መውጫ የሚያገኘው በክሮቹ መካከል ባለው ክፍተት ብቻ ነው፤ ክፍተቱ ከጠበበ ተኑ ወደ ውኃ ተለውጦ እዚያው ቆዳ ላይ ይቀራል።

ሽፎኑንና ገበሩን ለይቼ የምፈርደው በዚህ ምክንያት ነው። ሽፎን ክሮቹ ተራርቀው የተሠሩ ስስ ጨርቅ ነው፤ ወደ ብርሃን ቢያዙት ማዶውን ያሳያል፣ አየር ያልፍበታል፣ ገላንም በቀጥታ የሚነካው ክንድና ደረት አናት አካባቢ ብቻ ነው። ሳቲን ግን ክሮቹ ተጠጋግተው፣ አንዱ ክር በብዙ ክሮች ላይ እየተንሳፈፈ የሚሠራ ድፍን ጨርቅ ነው፤ ማብለጭለጩም ከዚያ የመጣ ነው። ይህ ድፍን ጨርቅ ደረትን፣ ጀርባን፣ ወገብንና ጭንን ተጠግቶ ይሸፍናል። ገዢዋ መስታወት ፊት ቆማ የምታየውና ዋጋ የምትከራከርበት ሽፎኑ ነው፤ ቆዳዋ ውሎውን የሚያሳልፈው ግን ከገበሩ ጋር ነው። ልብስ ሰፊዎችም ይህን ስለሚያውቁ ወጪ መቀነስ ሲፈልጉ የሚቀንሱት ከገበሩ ነው፤ ገበሩን ገልብጦ የሚያይ ገዢ ጥቂት ነውና።

ፖሊስተር ሁሉ አንድ ዓይነት ነው ማለት ደግሞ ትክክል አይሆንም። በጥሩ የስፖርት ማሊያ ውስጥ ያለው ፖሊስተር ክሩ ራሱ ሸንተረር እንዲኖረው ተደርጎ፣ ጨርቁም ልቅ ሆኖ ተሠርቶ፣ ላብን በክሮቹ መካከል ወደ ውጭ እንዲያወጣ የተዘጋጀ ነው። ሯጮች ከጥጥ ይልቅ እርሱን የሚመርጡት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ጥጥ ላብ ከጠገበ በኋላ ይከብዳል፣ ቶሎ አይደርቅም፣ ረጅም መንገድ ለሚሮጥ ሰው ደግሞ ቆዳ ይልጣል። የበዓል ቀሚስ ገበር ግን እንዲህ ያለ ዝግጅት ፈጽሞ የለውም፤ ከሁለቱም ወገን መጥፎውን የወረሰ፣ ላብ የማይቀበልም የማያሳልፍም ጨርቅ ነው።

ቀሚሱን በብርድም በሙቀትም ለብሼዋለሁ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ የጠዋቱ አየር ለዚህ ልብስ ያደላለታል፤ ከቤት እስከ ቤተ ክርስቲያን ባለው መንገድ ምንም አልተሰማኝም። ነገሩ የሚለወጠው ሰው በሞላበት አዳራሽ ውስጥ፣ ከምሳና ከእስክስታ በኋላ ነው። ገበሩ ጀርባዬ ላይ ተለጠፈ፤ ስቀመጥ ከጭኔ ሥር ረጥቦ ቆየ፤ በመቀነቱ ሥር ያለው ቆዳ ማሳከክ ጀመረ። ማታ ሳወልቀው የመቀነቱን መስመር ተከትሎ ጥቃቅን ሽፍታ ወጥቶ ነበር፤ ገላዬን ታጥቤ በጥጥ ልብስ ካደርኩ በኋላ ግን ጠፋ። ይህ የላብ ሽፍታ ሲሆን የሚመጣውም የላብ ቀዳዳዎች ለረጅም ጊዜ በእርጥበት ተሸፍነው ሲደፈኑና ላቡ ከቆዳው ሥር ሲታቆር ነው። አለርጂ አይደለም፤ አየር ሲያገኝ በራሱ ይሽራል። በበጋው ደረቅ አየር ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው፤ ጨርቁ ከእግር ጋር ሲፋተግ የኤሌክትሪክ ሙል ስለሚሰበስብ ታፋ ላይ ይጣበቃል፣ በር ሲነኩም ይነዝራል። ይህኛው ግን ከማናደድ በቀር ጉዳት የለውም።

የረጠበ ቆዳ ከደረቀ ቆዳ ይልቅ በቀላሉ ይፋቃል። ላብ ያለበት ጭን ከጭን ጋር ወይም ከገበሩ ስፌት ጋር ደጋግሞ ሲሻሽ የላይኛው ሽፋን ይነሣል፤ መጀመሪያ ያቃጥላል፣ ቀጥሎ ይቆስላል። እንደዚሁም የጸጉር መብቀያ ቀዳዳዎች በእርጥበትና በመፋተግ ተቆጥተው በጭንና በመቀመጫ ላይ ብጉር የመሰሉ ትንንሽ እብጠቶች ሊያወጡ ይችላሉ። ችፌ ያለባቸው ሰዎች ሸክም ደግሞ ከሌላው የበለጠ ነው፤ የእነርሱ ቆዳ አስቀድሞ መከላከያው የሳሳ በመሆኑ በላብ ውስጥ ያለው ጨው ብቻውን ማሳከኩን ሊቀሰቅሰው ይበቃል። እንዲህ ያለ ቆዳ ያላት ሴት ይህን ቀሚስ ከነገበሩ እንዲሁ እንድትለብሰው አልመክርም።

እስካሁን የተናገርኩት ስለ ክሩ ነው፤ ቀለሙ ግን ከክሩ ይልቅ ትኩረት ይፈልጋል። ሰዎች «ለፖሊስተር አለርጂ አለብኝ» ሲሉ ይሰማል፤ ለክሩ ለራሱ አለርጂ መሆን ግን እጅግ ብርቅ ነው። ቆዳን በእውነት የሚያስቆጣው አብዛኛውን ጊዜ በክሩ ላይ የተጫነው ነገር ነው። ፖሊስተር ውኃ ስለማይቀበል በውኃ የሚሟሙት የጥጥ ቀለሞች አይዙትም፤ ስለዚህ ፋብሪካዎች ዲስፐርስ የሚባሉ፣ በውኃ ውስጥ እንደ ደቃቅ ዱቄት ተበትነው በ130 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሙቀት ወደ ክሩ ውስጥ የሚሰርጉ ቀለሞችን ይጠቀማሉ። እነዚህ ቀለሞች ከክሩ ጋር በኬሚካል አይተሳሰሩም፤ ውስጡ ተወሽቀው ይቀመጣሉ እንጂ። ትርፉ ቀለም በደንብ ካልታጠበ በላብና በመፋተግ ወጥቶ ወደ ቆዳ ይሻገራል። ከእነርሱ መካከል ዲስፐርስ ሰማያዊ 106 እና ዲስፐርስ ሰማያዊ 124 የተባሉት በቆዳ ሐኪሞች ዘንድ በአለርጂ አምጪነታቸው የታወቁ ናቸው፤ የሚገኙትም በተለይ በጥቁር፣ በጥቁር ሰማያዊና መሰል ጠቆር ባሉ ጨርቆች ላይ ነው። ጸጉራቸውን በማጥቆሪያ ቀለም ሲቀቡ ወይም ጥቁር ሂና ሲደረግላቸው ቆዳቸው የተቆጣ ሴቶች ይበልጥ ይጠንቀቁ፤ በማጥቆሪያው ውስጥ ያለው ፒፒዲ የተባለ ንጥረ ነገር ከአንዳንዶቹ የጨርቅ ቀለሞች ጋር ስለሚመሳሰል፣ ለአንዱ የተቆጣ ሰውነት ለሌላውም ሊቆጣ ይችላል።

የቀለም አለርጂ ሰውን የሚያታልለው በጊዜው ነው። ልብሱ በተለበሰበት ሰዓት ምንም አይታይም፤ ሽፍታው የሚወጣው በማግስቱ ወይም በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ነው፤ በዚያን ጊዜ ቀሚሱ ታጥቦ ሳጥን ገብቷል። ስለዚህ የሚወነጀለው የበዓሉ ዶሮ ወጥ ነው፤ ወይም ምች ነው ይባልና ዳማከሴ ይታሻል፣ የተቆጣውም ቆዳ ይበልጥ ይቆጣል። ቦታውን መመልከት ግን ወደ እውነቱ ያደርሳል። የምግብ አለርጂ የልብስ ስፌት መስመር ተከትሎ አይወጣም። የልብስ ቀለም አለርጂ በብብት ዙሪያ ይወጣል፤ የብብቱን ጎድጓዳ መካከል ግን ብዙ ጊዜ ይተወዋል፣ ጨርቁ እዚያ ስለማይፋተግ ነው። ከዚያ ሌላ ወገብ ላይ፣ የጭን ውስጠኛ ገጽ ላይ፣ ከጉልበት ጀርባና አንገት ላይ ይታያል። በጽሑፎች ላይ «ቀላ ያለ ሽፍታ» የሚለው ገለጻ ለነጭ ቆዳ የተጻፈ መሆኑን ልብ ማለት ይገባል፤ በእኛ ቆዳ ላይ ቅላቱ ላይታይ ይችላልና ቦታው ጠቆር ወይም ወደ ወይን ጠጅ ያዘነበለ መልክ ይይዛል፣ በእጅ ሲዳሰስም ይሻክራል። ማሳከኩ ከጠፋ በኋላ የሚቀረው ጥቁረት ለወራት ሊቆይ ስለሚችል ብዙዎችን የሚያሳዝናቸው ከሽፍታው ይልቅ ይህ ነው። እርግጠኛ መልስ የሚሰጠው የቆዳ ሐኪም በጀርባ ላይ ለጥፎ ለ48 ሰዓት የሚያቆየው የአለርጂ ምርመራ ነው፤ ሐኪሙ ውጤቱን ከዚያም በኋላ ባሉት ቀናት ደግሞ ያነብበዋል።

እኔ ከመልበሴ በፊት ያደረግሁት ቀላል ፈተና ነበር፤ ነጭ የጥጥ ጨርቅ በጥቂት ውኃና ጨው አርጥቤ ገበሩን ጠንከር አድርጌ አሸሁት። ነጩ ጨርቅ ሰማያዊ ሆነ። ቀለም መልቀቁ አለርጂ ያመጣል ማለት አይደለም፤ አለመልቀቁም ፍጹም ዋስትና አይሆንም፤ ነገር ግን በነጭ ጨርቅ ላይ የቀረው ቀለም በላብ ጊዜ በገላም ላይ እንደሚቀር ያሳያል። ሽቶ በሌለው ሳሙና ለብ ባለ ውኃ ደጋግሜ ካጠብኩት በኋላ የሚለቀው ቀለም በጣም ቀነሰ እንጂ ጨርሶ አልቆመም። አዲስ ልብስ ሳይታጠብ አይለበስም የሚለው የእናቶች ሥርዓት በዚህ ቀሚስ ላይ ግዴታ ነው እላለሁ።

ይህን ሁሉ ስናገር የእጅ ሽመናው ንጹሕ ነው፣ የፋብሪካው ርኩስ ነው ማለቴ እንዳልሆነ ይታወቅልኝ። በብዙ የሽመና ቀሚሶች ላይ ድሩና ማጉ ጥጥ ቢሆንም ጥበቡ የሚጣለው በፋብሪካ በተቀለመ ሰው ሠራሽ ክር ነው፤ የወርቅና የብር መልክ ያለው የሚያብረቀርቀው ክር ደግሞ ጠንካራና ስለታማ በመሆኑ የአንገትን ቆዳ ይቧጭራል። በአንገት ዙሪያ ያለ ጥልፍ ከጀርባው ሲታይ የክር ጫፍና ቋጠሮ የሞላበት ነው፤ ያ ሁሉ ሳይሸፈን ገላ ላይ ሲያርፍ ከማንኛውም ፖሊስተር የበለጠ ያሳክካል። ከፋብሪካ የሚወጣው ጥጥም የራሱ ጉድ አለው፤ «አይጨማደድም» ተብለው የሚሸጡ የጥጥና የቅልቅል ሸሚዞች ብዙ ጊዜ ይህን ጠባይ የሚያገኙት ፎርማልዲሃይድ የተባለውን ቆዳ የሚያስቆጣ ኬሚካል ሊለቅ በሚችል ሙጫ ተነክረው ነው። የአውሮፓ ኅብረት ከኅዳር 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በልብስ ውስጥ የሚገኘውን የፎርማልዲሃይድ መጠን በኪሎ ግራም በ75 ሚሊ ግራም የገደበው ያለ ነገር አይደለም። ውድ የሆነ ሁሉ ይሻላል ብሎ ማሰብም አያዋጣም፤ በ2017 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመ፣ ችፌ ያለባቸውን 300 ሕፃናት ያሳተፈ የእንግሊዝ ጥናት ለዚሁ ተብለው የተሠሩ የሐር ልብሶች ከተለመደው ሕክምና በላይ የሚጨበጥ ጥቅም እንዳላስገኙ አሳይቷል። ለቆዳ የሚጠቅመው የጨርቁ ልስላሴ፣ አየር ማሳለፉና ንጽሕናው ነው፤ የክሩ ስም ከእነዚህ ቀጥሎ የሚመጣ ነገር ነው።

ስለ ሽታ ጥቂት ልበል፤ ይህ ቅሬታ ከሁሉ በላይ የሚሰማ ሆኖ ሳለ ሰው በግልጽ አያወራውም። ቀሚሱ ታጥቦ ደርቆ ጥሩ ይሸታል፤ ሲለበስና የሰውነት ሙቀት ሲያገኝ ግን የቀድሞው የብብት ሽታ ይመለሳል። በቤልጅየም የጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2014 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት 26 ሰዎች ለአንድ ሰዓት ብስክሌት እንዲጋልቡ ካደረጉ በኋላ ቲሸርቶቻቸውን አሳድረው አሽትተው ነበር፤ የፖሊስተሮቹ ሽታ ከጥጦቹ የከፋ ሆኖ ተገኘ፤ ማይክሮኮከስ የተባሉ ባክቴሪያዎችም በፖሊስተር ላይ ሲበዙ ታዩ። ፖሊስተር ውኃን ቢገፋም ቅባትን ይወድዳልና የቆዳ ቅባት በክሩ ላይ ይቀራል፣ ለብ ባለ ውኃ ብቻ ታጥቦም በቀላሉ አይለቅም። ሽታው የንጽሕና ጉድለት ተደርጎ በባለቤቷ ላይ መፈረዱ ፍትሕ የጎደለው ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ ፈንገስ ነው። ጭርትና በጡት ሥር ወይም በብሽሽት የሚወጣው የእርሾ ፈንገስ ሙቀትና እርጥበት ያገኙ እንደሆነ ይስፋፋሉ፤ ድፍን ገበር ከጠባብ የናይለን ታይት ጋር ተደርቦ ሲዋል ደግሞ ሁለቱንም ያቀርብላቸዋል። የቆዳ ሐኪሞች የጥጥ የውስጥ ልብስ የሚመክሩት በዚህ ምክንያት ነው። የስኳር ሕመም ያለባቸውና ወፈር ያሉ ሴቶች ለዚህ ይበልጥ የተጋለጡ ናቸው። ሽፍታ ሲወጣ ከመድኃኒት ቤት ያለ ምርመራ የሚገዛው ስቴሮይድ ያለበት ቅባት ለቀለም አለርጂ ሊጠቅም ቢችልም ለጭርት ግን ጉዳት ነው፤ ማሳከኩን አስታግሶ ፈንገሱን ያስፋፋዋል፣ መልኩንም ስለሚለውጠው በኋላ ሐኪሙ ራሱ ለመለየት ይቸገራል። ከሁለት ሳምንት በላይ የቆየ፣ ወይም ክብ እየሠራ የሚሰፋ ሽፍታ በልብስ ለውጥ ብቻ የሚድን አይደለም።

የቡና ሥነ ሥርዓት ይህ ቀሚስ በብዛት ከሚለበስባቸው ጊዜያት አንዱ በመሆኑ ስለ እሳት ሳልናገር አላልፍም። ሰፊ ክንድና ዘርፋፋ ታች ያለው ቀሚስ ለብሶ ከከሰል ምድጃ አጠገብ በርጩማ ላይ መቀመጥ በማንኛውም ጨርቅ አደገኛ ነው፤ ስስ ጥጥማ እንዲያውም ፈጥኖ ይያያዛል። የፖሊስተር አደጋ ግን ዓይነቱ ይለያል። ከ250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጥቂት ከፍ ባለ ሙቀት ይቀልጥና ትኩስ እንዳለ ቆዳ ላይ ይጣበቃል፤ ቃጠሎውንም ያጠልቀዋል። እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስ የተጣበቀውን ጨርቅ መገንጠል አይገባም፤ ቦታውን ለ20 ደቂቃ ያህል በሚፈስስ ቀዝቃዛ ውኃ ማቀዝቀዝና ወደ ሕክምና መሄድ ነው። ቡና አፍይ የሆነች ሴት ክንዱን አጥብቃ የምታስርበት ማሰሪያ ቢሰፋለት መልካም ነበር፤ ባየኋቸው ቀሚሶች ላይ ይህን ያሰበ ሰፊ አላጋጠመኝም።

ቀሚሱን ከአገር ውጭ ለሚያዝዙ ሰዎች የአየሩ ነገር ከባድ ነው። በአዲስ አበባ ነፋሻ አየር የሚቻለው ገበር በዱባይ የባሕር ዳርቻ ወይም በዋሽንግተን የጁላይ ወበቅ ውስጥ የማይቻል ይሆናል፤ አየሩ ራሱ በእርጥበት ስለተሞላ ላብ የሚተንበት መንገድ አይኖርም። በጁላይ መጀመሪያ በሚደረገው የሰሜን አሜሪካ ኢትዮጵያውያን የስፖርት ፌስቲቫል ላይ በዚህ ቀሚስ ለመዋል ያሰበች ሴት ገበሩን ታስወጣና ስስ የጥጥ ጁፖን ትልበስበት። አሜሪካ በ1958 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ መሠረት በዚያ የሚሸጥ ልብስ የክሩን ዓይነትና መቶኛ የሚገልጽ ጽሑፍ ሊኖረው ይገባል፤ በማኅበራዊ ሚዲያ ታዝዘው በፖስታ የሚላኩት ቀሚሶች ግን አብዛኛውን ጊዜ ባዶ ናቸው። አንዳንድ ሻጮች የኦኮ ቴክስ ምልክት እንዳላቸው ይናገራሉ። ይህ ምልክት ጨርቁ ለጎጂ ኬሚካሎች መመርመሩን የሚያረጋግጥ ሲሆን ቁጥሩም በድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ ሊጣራ ይችላል፤ ይሁን እንጂ ስለ ላብና ስለ አየር ማሳለፍ የሚናገረው ነገር የለም፤ ምልክቱ ያለበት ሳቲንም ያው ሳቲን ነው።

እኔ በመጨረሻ ያደረግሁት የሳቲን ገበሩን አስፈትቼ በነጭ በፍታ ማስቀየር ነው። ሰፊው ጨርቁን ቀድሜ አጥቤ እንዳመጣለት ጠየቀኝ፤ ልክ ነበር፣ በፍታ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባልና። ወጪው የቀሚሱን ዋጋ ቢጨምረውም ከእጅ ሽመናው በታች አቆየው። የጠፋ ነገርም አለ፤ ቀሚሱ እንደ ቀድሞው አይንሸራተትም፣ ስቀመጥ ገበሩ ይጨማደዳል፣ ነጩም በሽፎኑ ሥር ስለሚታይ የጥቁር ሰማያዊውን ጥልቀት ያደበዝዘዋል። ውሎው ግን የተለየ ሆነ፤ በተመሳሳይ አዳራሽ፣ በተመሳሳይ ጭፈራ ላይ ጀርባዬ ላይ አልተለጠፈም፣ በመቀነቱም ሥር ሽፍታ አልወጣም። እንደተሸጠልኝ ቢሆን ከአምስት ሁለት እሰጠው ነበር፤ ገበሩ ከተቀየረ በኋላ ግን አራት ይገባዋል፤ የቀረችው አንዷ ለቀለሙ ናት። ልብስ ሰፊዎች ከመጀመሪያው የጥጥ ገበር አማራጭ ቢያቀርቡ፣ ተጨማሪውን ዋጋ በደስታ የሚከፍል ደንበኛ እንደሚያገኙ አልጠራጠርም።

ለእናትና ለልጅ ተብሎ በአንድ ጣቃ ስለሚሰፋው ግን ፍርዴ ጥብቅ ነው። ሕፃናት ከአዋቂ ይልቅ በቀላሉ ይሞቃቸዋል፣ ቆዳቸው ስስ ነው፣ የላብ ሽፍታም ቶሎ ይወጣባቸዋል፤ ማሳከኩንም በቃል መናገር ስለማይችሉ የሚታየው ማልቀሳቸው ብቻ ነው። ለልጅ የሚገዛ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ጥጥ የሆነውን፣ መደቡ ነጭ፣ የአንገቱ ጥልፍ ከውስጥ በስስ ጥጥ የተሸፈነውን ይምረጡ፤ ይህ ካልተገኘም ከሽፎኑ ሥር እጅጌው እስከ ክንድ የሚደርስ የጥጥ ካናቴራ ያልብሱት፣ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱም ሽፎኑን ወዲያው ያውልቁለት።